ፊደሉ የተፋቀው ትንሽ ኮምፒዩተር

እኔን ብሎ ኮምፒዩተር መራጭ! ፈርሚ ስባል አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ የማሳርፍ ባልቴት፣ ምን አግብቶኝ ከዚያ ገበያ እንደ ገባሁ ሳስበው ዛሬም በራሴ እስቃለሁ። በሬ ምረጭ በሉኝ፣ እመርጣለሁ። ምራትም ቢሆን እመርጥ ነበር፤ ልጆቼ እሺ አላሉኝም እንጂ። አሁን የየራሳቸውን መርጠው ያገኙትን እያየሁ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ።

ይህን የምትጽፍልኝ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። «እንደ ተናገርሁት ጻፊው፤ አታሳምሪው» ብያታለሁ። ካሳመረችው የእርሷ እንጂ የእኔ አይደለም።

ነገሩ የሆነ ሚሌኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ከማንኩሳ ወዲህ ባለችው ቀበሌያችን የመብራት ምሰሶ ተተክሎ፣ ሽቦው ሳይመጣ፣ ምሰሶው ላይ አሞራ ብቻ ያርፍበት በነበረ ጊዜ። የማልረሳው ስለ ልጅ ልጄ ስለ ስመኝ ብዬ ነው።

የስመኝን ዓይን ገና ዳዴ ስትል ኩፍኝ ወሰደው። እናቷ ሊበን ወርዳ ስታገባ ልጅቱ ከእኔ ቀረች። ያሳደግኋት በወተት ሳይሆን በወሬ ነው። ከደጅ ቁጭ እንልና «እምዬ፣ ማን ነው የሚያልፍ?» ትለኛለች።

«ቄሱ ናቸው። ጥምጥማቸው ዛሬ ጥቅል ጎመን መስሏል።»

«ሰማዩስ?»

«አኩርፏል። አያትሽ ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ነበር የሚያኮርፍ።»

«የሰጣነው በርበሬስ?»

«ቀልቷል። ከጥጉ ያለው ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ ሰነፍ ነው።»

ቀናችን እንዲህ ይመሽ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እርሷ ባትጠይቀኝ እኔም ሰማይ ቀና ብዬ አላይም። ገበሬ ሰማይ የሚያይ ዝናብ ሲፈልግ ነው። እኔ ግን ለስመኝ ስል ሁሉን አየሁ። የጎረቤቴን የእንጉዳይን አዲስ ቀሚስ ሳይቀር አይቼ «ከረጢት ለብሳለች» ብዬ ነግሬያት፣ ልጅቱ ደግሞ ለእንጉዳይ ነግራብኝ ያን ሰሞን ተኳርፈናል።

ኋላ ስመኝ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። በብሬል በጣቷ አነበበች። ጎበዝ ሆና ዩኒቨርሲቲ ደረሰች። እኔም ከማንኩሳ ገበያ «የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት» እያልሁ ሰው ሳይጠይቀኝ ስናገር ከረምሁ።

ለዕረፍት የመጣች ጊዜ ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። ሽሮዋን ትታ ትክዝ ትላለች። «ምን ሆንሽ ሆዴ?» ብላት አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ መጽሐፉን እያነበበች የምትነግራት የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነበረቻት። ያች ልጅ ተመርቃ ሄደች። ሌላው ተማሪ የራሱን ያነባል እንጂ ማን ለሰው ያነባል? በብሬል የሚገኘው መጽሐፍ ትንሽ ነው። ፈተና ወደቀች። በሚቀጥለው ካላሻሻለች ያሰናብቷታል።

«ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን አንባቢ አለ» አለችኝ። «የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ ያነባል። እርሱን ከፍላሽ አድርገው ሰጥተውኛል። ኮምፒዩተሩ ነው የቸገረኝ። እርሱን ካላገኘሁ፣ እምዬ፣ ሄጄም ከንቱ ነኝ።»

እንግዲህ የዚያን ጊዜ ሆዴ ሁለት ነገር አለኝ። አንዱ «ወይፈኑ ይሸጥ» አለ። ሁለተኛው ቀስ ብሎ «ምን ነበረ ብትቀርልሽ? ደጃፉ እንዳለ ነው፣ ሰማዩም እንዳለ ነው» አለኝ። የመጀመሪያውን ሰምቼ ወይፈኑን አሸጥሁ። ሁለተኛው ግን ዝም አላለም፤ አብሮኝ ገበያ ሄደ።

ልጄ አያሌው «እኔ ልውሰዳት፤ እናቴ ምን ታውቃለች?» ብሎ ነበር። ስመኝ አልፈለገችም። «አጎቴ የሚያምረውን ነው የሚገዛልኝ። እምዬ ያለውን ትነግረኛለች» አለች። እኔም አንገት ልብሴን ደርቤ፣ የክት ቀሚሴን ለብሼ ተነሣሁ። እስከ ፍኖተ ሰላም በመኪና ሄድን፣ ከዚያ በጋሪ ወደ ሱቁ። ባለ ጋሪው ፈረሱን ሲጋልበው ኮምፒዩተሩን ሳንገዛው ልንሞት ነው ብዬ ማርያምን ተጣራሁ። ስመኝ ትስቅብኛለች።

ባለ ሱቁ ጸጉሩን ያቆመ ልጅ ነው። እርሷን ትቶ እኔን «ማዘር፣ ምን ዓይነት ትፈልጋለች?» አለኝ።

«ምነው ልጄ፣ የጎደላት ዓይን ነው፤ አፏ ደህና ነው። እርሷን ጠይቃት» አልሁት። ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ «እማማ» ነው ያለኝ።

ስመኝ የምትፈልገውን ነገረችው። ትንሽ ይሁን፤ በአንድ እጇ በትሯን ይዛ ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል የምትሸከመው ነውና። መብራት ሲጠፋ ይቆይ። ሲነኩት ቶሎ ይመልስ። እርሱ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ አንድ ግድንግድ አምጥቶ ዘረጋ። «የዚህ ስክሪን ሰፊ ነው፤ ቀለሙ ጥርት ያለ ነው» ይላል።

«ለማን ነው የሚጠራ?» አልሁት። ሳቀ፤ እርሱም አሁን ገባው።

እኔ ግን ሳነሣው ወደድሁት። ከበድ ይላል። ከብት ሲገዛ ክብደት የሌለው ነገር ታሟል ማለት ነው። «ስመኝ፣ ይኼ ጉልበት አለው» አልኋት። አንሥታ መዘነችውና «እምዬ፣ እኔ እኮ ላርስበት አይደለም» አለችኝ።

ፍላሿን አውጥታ «አንባቢውን ልሞክረው» ስትል ባለ ሱቁ እምቢ አለ። የሰው ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል አለ። ይኼን ጊዜ እኔ ገባሁበት። «ስማ ልጄ፣ እናንተ ሠፈር በሬ ሳይጠመድ ይሸጣል? እኛ ዘንድ ጠምደን፣ ሁለት ሦስት ትልም አስኪደን ነው የምንገዛ። ሳይጠመድ የሚሸጥ በሬ ሰነፍ ነው፤ ሳያስጠምድ የሚሸጥ ሰውም የሚደብቀው አለው። የፍላሿን በሽታ ከፈራህ አንተው መርምረህ አስሞክረን።» ከሱቁ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ልጁም አፈረና ሰካው።

ግድንግዱ ተናገረ። የወንድ ድምፅ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ እሳት ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው የሚጣደፍ። «ምነው፣ ማን አባረረው?» አልሁ። ስመኝ ደግሞ አፍጥና አስሮጠችው! «አንቺ፣ ይኼን ትሰሚዋለሽ?» ስላት «ዓይን ያለው ቶሎ ቶሎ ያነብ የለም? እኔም በጆሮዬ ቶሎ ቶሎ አነባለሁ» አለችኝ። ለካስ እኔ ያን ሁሉ ዓመት እያዘገምሁ፣ ቃል እየጎተትሁ ነው የነገርኋት። ታግሳኝ ኖሯል።

ግድንግዱ ደህና ቢናገርም ለሸክም አልሆናትም። ቀጥሎ አንዲት ትንሽ አመጣ። ሮዝ ናት። አዲስ። እንደ ምጣድ ማሰሻ ቀላል ናት። ስመኝ ከክንዷ ሥር ስትይዛት ፊቷ በራ። «ይችን ነው!» አለች። አንባቢውን ጭኖ ሰጣት። ስመኝ ነካች። ዝም። ነካች። ዝም። አሁን ይናገራል ስንል ቆይቶ ከአንድ አፍታ በኋላ ቀድሞ የነካችውን ይናገራል።

«ይቺማ ደንቆሮ ናት» አልሁ። «ጅራፉን ከሰማች በኋላ ነው ለመሄድ የምታስብ።»

«ቆንጆ ናት እኮ፣ እማማ!» ይላል ባለ ሱቁ።

ስመኝ አልሳቀችም። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣችና ከጭኗ ላይ አሳረፈችው። «አስተማሪው አንድ ገጽ ሲያልፍ እኔ አንድ መስመር ላይ ነኝ ማለት ነው» አለች። እጇን ሳየው ያ ሁለተኛው ሆዴ «ይኸው፣ አልተገኘም፤ ወደ ቤት» አለኝ። ወደ ቤት የሚለው ቃል እንዴት እንደሚጣፍጥ! ግን የልጅቱ ከንፈር ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እንዴት ብዬ ጣፈጠኝ እላለሁ?

«ሌላስ የለም?» ብዬ ባለ ሱቁን ያዝሁት። «የትም ይሁን።»

ልጁ ክፉ አይደለም። ራሱን አከከና፣ ከቡሬ ፎቶ ኮፒ የምታነሣ አንዲት ሴት ትንሽ ኮምፒዩተር ልትሸጥ እንደምትፈልግ ነገረን። «አሮጌ ናት፤ ግን ፈጣን ናት። ገዢ አጥታ ነው» አለ። ገዢ ያጣች ከብት ምክንያት አላት ብዬ ጠረጠርሁ። ቢሆንም ወዲያው ሚኒባስ ይዘን ቡሬ ገባን።

ሴትዮዋ ወርቅነሽ ትባላለች። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። ትልቅ መሣሪያ ስለገዛች ነው ትንሿን የምትሸጥ። ከመሳቢያ አወጣቻት። ጥቁር ናት፤ ጠርዟ ተልጧል። ስመኝ ወዲያው «እምዬ፣ ንገሪኝ» አለች።

አየሁ። «ልጄ፣ ጥቁር ናት። ማዕዘኗ እንደ አሮጌ መቀመጫ ተልጧል። ደግሞ ከቁልፎቿ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል። እንዲያው ምንም የለባቸውም። መላጣ ናቸው።»

ወርቅነሽ አንገቷን ደፋች። «ለዚህ ነው ሰው እያየ የሚመለስ» አለች። «እኔ ስጽፍባት ነው የተፋቀው። ጣቴ ለምዶታል። አዲስ ሰው ግን ፊደሉን ካላየ አይጽፍም።»

ስመኝ ጣቷን ከቁልፎቹ ላይ አስኬደች። መሀል ላይ ካሉት ሁለት ቁልፎች ስትደርስ ቆመች። ትንሽ ትንሽ ጉብ ያለ ነገር አለባቸው፤ እጄን ይዛ አስነካችኝ። «ይኼ ካለ ሌላውን ጣቴ ያገኘዋል። ፊደሉ ለማን ነው እምዬ?»

«ለእኔም አይደለ፣ ለአንቺም አይደለ» አልኋት። ሦስታችንም ሳቅን። ፊደሏ ተፍቆ ማንም ያልፈለጋት ዕቃ ለእኛ ለሁለታችን ጉድለት አልነበረባትም።

አንባቢው ተጫነ። ስመኝ ነካች፤ መለሰ። ነካች፤ መለሰ። እጇና ድምፁ እኩል ሄዱ። እኔ ግን ገና አላመንሁም። ከብት ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ወደ ገበያ ሲመጣ ከብቱን ጨው ያስልስና ውሃ ያጠጣዋል፤ ሆዱ ተነፍቶ የጠገበ ይመስላል። ከቤት ስታደርሺው በማግስቱ አጥንት ነው። ይቺም ከግድግዳው ተሰክታ ነው የቆመች።

«ልጄ ወርቅነሽ፣ አትቀየሚኝ። ከግድግዳው ንቀያት። በባዶ ሆዷ ልያት።»

«ከመቼ እስከ መቼ እማማ?»

«እስክትደክም።»

ሳቀችና ነቀለቻት። ከአግዳሚው ተቀመጥን። ሰው ይገባል፣ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ይወጣል። ወርቅነሽ ለስመኝ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠቻት፣ ደንበኞቿ እንዳይደነግጡ። ስመኝ አንዱን ከጆሮዋ ሰካች፣ ሌላውን አንጠለጠለችው። «ይኼኛው ጆሮዬ ለአንቺ ነው» አለችኝ።

ከፍላሿ ውስጥ ጓደኛዋ ስትመረቅ ጽፋ ትታላት የሄደች ነገር ኖሯል። እስከዚያ ቀን የሚያነብላት አጥታ ይዛው ስትዞር ነበር። ከፈተችው። ፊቷን አያለሁ። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ አፏ ጥግ ጥጉ ላይ ተነሣ። ከዚያ ድንገት ከት ብላ ሳቀች። ብቻዋን። እኔ ሳልነግራት።

ይህን እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም። ስመኝ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትስቅ የሚያስቃትን እኔ አውቃለሁ፤ አብዛኛውን እኔ ነኝ ያልሁት። ያን ቀን ግን ከአጠገቤ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ከትከሻዬ ገጥሞ፣ ሌላ ቦታ ሆና ሳቀች።

«ምን አለ?» አልኋት።

«ቆይ እምዬ፣ ላስጨርሰው።»

ቆየሁ። እንደገና ሳቀች። እንደገና «ምን አለ?» አልሁ። እንደ ሕፃን ቀሚሷን ሳብ አድርጌ።

«የዶርም ወሬ ነው። በአማርኛ ስነግርሽ አያስቅም» አለችኝና አቀፈችኝ። እቅፉ ደህና ነበር። ወሬውን ግን ዛሬም አላወቅሁትም።

ፀሐይዋ ከሱቁ ደጃፍ ተነሥታ ከአስፋልቱ ማዶ እስክትሻገር ኮምፒዩተሯ ሠራች። እኔ የደከመችበትን ምልክት እፈልጋለሁ። ሆዷን ዳሰስሁ፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አልሞተችም። በሆዴ «ድከሚ እንጂ!» እላታለሁ። እንዲህ ጠልቼ ያየሁት፣ እንዲህ ደግሞ የወደድሁት ዕቃ የለም። በኋላ ስመኝ «እምዬ፣ ይበቃል፤ ሚኒባስ ያልቅብናል» አለች።

«ልጄ፣ ተገዝታለች» አልኋት ለወርቅነሽ። «ግን ዋስ ጥሪ።»

«የምን ዋስ?»

«አልተሰረቀችም የሚል። ከብት ያለ ዋስ አልገዛም።»

ወርቅነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ግን ከጎኗ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠርታ አቆመችልኝ። ሰውየው እጁን አንሥቶ «የእርሷ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትደበድባት እሰማ ነበር» ብሎ መሰከረ። ምርቃት ደግሞ ጠየቅሁ። የጆሮ ማዳመጫውንና የኮምፒዩተሯን ቦርሳ መረቀችልን። ልንወጣ ስንል ኮምፒዩተሯን መታ መታ አድርጋ «ከእኔ ጋር ብዙ ደክማለች፤ አደራ» አለች። ስመኝ «እኔም አላሳርፋትም» አለቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪናው መስኮት አየሁ። በርበሬው በየሜዳው ተሰጥቶ ምድሩ ሁሉ ደም መስሏል። ሁለት ልጃገረዶች እየተጓተቱ ይገለብጡታል፤ አንዷ ወድቃ ከበርበሬው ላይ ተቀመጠች። «ስመኝ፣ ብታይ—» ብዬ ዘወር ስል ሁለቱንም ማዳመጫ ሰክታለች። ጣቷ ከጭኗ ካስቀመጠቻት ኮምፒዩተር ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ቁልፉን እያጠናች ነው። አልነካኋትም። ወሬዬን ዋጥሁት።

ስመኝ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰች። ፈተናውን አለፈች፣ ቀጥሎ ያለውንም፣ ሁሉንም። ተመረቀች። ምረቃው ላይ ኮምፒዩተሯን ይዛ ፎቶ ተነሣች፤ እኔ በግራ፣ እርሷ በቀኝ፣ መላጣዋ ከመሀል። አሁን ከሩቅ ከተማ ከፍትሕ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። የሰው አቤቱታ በጆሮዋ እያነበበች ታያለች። የሠራተኛ ነገር፣ እንደ ልብ አትመጣም። በስልክ ትደውላለች። «እምዬ፣ ደህና ነሽ? ጉልበትሽስ?» ትለኛለች። ጉልበቴን ትጠይቃለች። ሰማዩን አትጠይቅም።

አልከፋኝም ብል ቄሱ ይገዝቱኛል። ኮርቻለሁ፣ ከልቤ ኮርቻለሁ። ግን ከደጅ ስቀመጥ አሁንም አያለሁ። ልማድ ሆኖብኝ፣ «ዝናቡ ከማዶ ተነሥቷል፤ ነጭ ነጠላ እየጎተተ ይመጣል» እላለሁ ጮክ ብዬ። ጎኔን ሳየው አግዳሚው ባዶ ነው። መብራቱም ገብቷል፤ ሽቦው ላይ ወፎች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ይታያሉ። ይህን ለማን ልንገር?

ባለፈው የፋሲካ ማግስት ስመኝ ሥራ በዝቶባት ቀረች። እንጉዳይ ልትጠይቀኝ ገባች። እኔም የዚያን ቀን ገበያ ሁሉ እያነሣሁ አንጀቴን አወራኋት። ያችን ጥቁር ኮምፒዩተር ረገምኋት። ልጄን በጆሮዋ ገብታ የወሰደችብኝ እርሷ ናት አልሁ፤ ምን ነበረ ያን ቀን ከቡሬ በደከመች፣ ምን ነበረ ሴትዮዋ ባልነቀለቻት አልሁ። አለቀስሁም።

እንጉዳይ ሰምታ ሰምታ ነጠላዋን አጣፋች። ከተነሣች በኋላ ከበሩ ላይ ዘወር አለችና፦

«እንዲህ የሚያንገበግብሽ ከሆነማ» አለችኝ፣ «ያን ጊዜ ያችን ደንቆሮ ሮዝ ገዝተሽላት አርፈሽ አትቀመጭም ነበር?»